ሰውን በመውደድ ማደግ
የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ለመምህር የሚሰጠው ትምህርት

(በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ለመምህራንና ለትምህርት ኃላፊዎች የተሰጠ ንግግር)



የመምህር ሥራ ዕድገትን መጠበቅ ነው። በመስከረም ወር ከትምህርት ቤቱ በር የገባ ሕፃን በሰኔ ሲወጣ በአንድ ነገር አድጎ ካልወጣ፣ የዓመቱ ድካም በከንቱ አልፏል። በማናቸውም ትምህርት ቤት ሦስት ዓይነት ዕድገት ይታያል። አንደኛው የአካል ዕድገት ነው፤ ይህን እናት ካጠረው ልብስና ከጠበበው ጫማ ታውቀዋለች። ሁለተኛው የአእምሮ ዕድገት ነው፤ ይህን መምህሩ በፈተና መዝኖ በመዝገብ ይጽፈዋል። ሦስተኛው የመንፈስ ዕድገት ነው፤ ይህን ግን ክንድ አይለካውም፣ ፈተናም አይመዝነውም። ሆኖም ሁለቱን ያለ ሦስተኛው ያገኘ ሰው ለራሱም ለአገሩም አደጋ መሆኑን የዓለም ታሪክ በብዙ ደም አስመስክሯል።

እንግዲህ የዚህ ንግግር ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ክርስቲያን በመንፈሱ ማደጉ በምን ይታወቃል? የሚያድግበትስ ትምህርት ቤት ወዴት ነው?

ቅዱስ ጳውሎስ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በአንደኛው መልእክት፣ ልሳንን፣ ትንቢትንና ዕውቀትን ሁሉ ከቈጠረ በኋላ፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ፍቅር ባዶ መሆናቸውን ያስረዳል። በዚያው ምዕራፍ ወረድ ብሎ ደግሞ ሰው ሲያድግ የሕፃንነትን ጠባይ ስለ መተዉ ይናገራል። ብዙ አንባቢ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለየብቻቸው ያነባቸዋል። ነገር ግን ሐዋርያው የፍቅርን ምስጋናና ሕፃንነትን የመተውን ነገር በአንድ ምዕራፍ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አፍቃሪ መሆንና ሙሉ ሰው መሆን በእርሱ ዘንድ አንድ ነገር ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም በሁለተኛው መልእክቱ ከእምነት ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ መሰላል ሲሠራ፣ ከጫፉ ላይ ያስቀመጠው ፍቅርን ነው። ዕውቀት በመሰላሉ ውስጥ አለ፤ ግን ከታችኞቹ ደረጃዎች አንዱ ነው። ይህ ለመምህር የሚያስደነግጥም የሚያጽናናም ነገር ነው። የሚያስደነግጠው ብዙ ማወቅ ገና ብዙ ማደግ ስላልሆነ ነው፤ የሚያጽናናው ደግሞ ጥቂት ያወቀም ሰው ወደ ጫፉ ለመውጣት ስለሚችል ነው።

የሕፃንነት ምልክቱ ሌላ አይደለም፤ ራስን የዓለም ሁሉ መካከል ማድረግ ነው። ሕፃን ሲርበው የእናቱን ድካም አያስብም፤ አሻንጉሊቱን የያዘበትን ሁሉ ጠላት ያደርጋል። በሕፃን ላይ ይህ ነውር አይደለም፤ ዕድሜው ነው። ዐርባ ዓመት የሞላው ሰው፣ ዲፕሎማ የያዘ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሰው ግን «የእኔ ወገን፣ የእኔ ወንበር፣ የእኔ ክብር» እያለ የሚኖር ቢሆን፣ ጺሙ ይርዘም እንጂ ገና አላደገም። ጾምና ጸሎት፣ ስግደትና ምጽዋት ሰውን ከዚህ ጠባብ ክፍል ለማውጣት የተሰጡ መንገዶች ናቸው። መንገዱን አጥብቆ ይዞ መድረሻውን የረሳ መንገደኛ ደክሞ ይውላል እንጂ አይደርስም።

«ፍቅር የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ እንዴት ትምህርት ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ስጦታ ነው። ጤፍም ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ያላረሰና ያላረመ ገበሬ በኅዳር ምን እንደሚያጭድ የታወቀ ነው። ዘሩና ዝናሙ ከእግዚአብሔር ነው፤ እርሻውና አረሙ የሰው ነው። ፍቅርም እንዲሁ በቃል የሚጠና ሳይሆን እንደ ሽመና በእጅ የሚለመድ ሙያ ነው። ሙያ ደግሞ መለማመጃ ስፍራ ይሻል። መለማመጃውም ሰው ወዳጁን መርጦ የሚቀመጥበት ቤቱ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ካልመረጠው ሰው ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ነው። ለኢትዮጵያ ሰው እንዲህ ካሉት ስፍራዎች አንዱ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ነበር። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ እዚያ ይፈለግ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ለማሠራት ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ጠረፍ ተጀመረ። ሐዲዱ በኢሳ አርብቶ አደሮች ምድር ሲያልፍ ባለመሬቱ በደንብ ስላልተጠየቀ ጠብ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማይቱም ከሐዲዱ ጋር ተወለደች። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። አንድ ሜትር ስፋት ባለው በዚህ ቀጭን መንገድ ላይ የአንድ ትልቅ አገር ንግድ፣ ፖስታ፣ መሣሪያ፣ መጽሐፍና መንገደኛ ከባሕር ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ባሕር ለብዙ ዘመን ተመላለሰ።

ጣቢያውን በልቡ ሊሥል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሙቀቱን ያስብ። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ፣ የፈረንሳይኛውን የጣቢያ ስም ሕዝቡ በአፉ አለዝቦ «ለገሃር» ካለው ስፍራ፣ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ መንገደኛ አዋሽን ተሻግሮ፣ በድሬዳዋ አርፎ፣ በረሃውን አቋርጦ ጅቡቲ ሲወርድ ጋቢው ሸክም ይሆንበታል። አገሩ ላይ ክብሩ የነበረው ልብስ እዚያ ላብ ብቻ ነው። በጣቢያው ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድነት ይሰማል። ሻንጣውን የሚያነሣለት ኩሊ የአባቱን ስም አያውቅም፤ ቲኬቱን የሚያየው ተቆጣጣሪ ማዕረጉን አይጠይቅም። ውኃ የሚሰጠውም ሰው በመስጊድ የሚሰግድ እንጂ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም አይደለም። ደገኛው ክርስቲያን በዚያ ጣቢያ እንግዳ ነው። ትምህርቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ያልተመረጠ ባልንጀራ ነው። በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ጎኑ የሚቀመጠውን አይመርጥም። በአንድ የእንጨት ወንበር ላይ በዐቢይ ጾም ምክንያት ቅቤ የማይቀምስ ደገኛና በረመዳን ምክንያት እስከ ማታ ውኃ የማይጠጣ ነጋዴ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው ቢቀመጡ፣ ሁለቱም ስለ እግዚአብሔር ብለው የተራቡ መሆናቸውን ለመረዳት መንገዱ በቂ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ጌታ ስለ ደጉ ሳምራዊ በምሳሌ ሲናገር፣ ሕግ ዐዋቂው ያነሣው ጥያቄ ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ነበር። ጌታ ግን ጥያቄውን ገልብጦ መለሰለት፤ ከሦስቱ መንገደኞች ባልንጀራ ሆኖ የተገኘው ማን እንደ ሆነ ጠየቀው። በዚህ ግልበጣ ውስጥ የክርስትና ብስለት ሁሉ ይገኛል። ያላደገ ሰው ባልንጀራውን ከሰዎች መካከል ይመርጣል፤ ያደገ ሰው በፊቱ ለተገኘው ሁሉ ራሱ ባልንጀራ ይሆናል።

ይህ ከክፍል ጋር ምን ግንኙነት አለው ቢባል፣ ክፍልም ፉርጎ ስለ ሆነ ነው። መምህር ተማሪዎቹን አይመርጥም። ስማቸው በመዝገብ ተጽፎ ይሰጠዋል። ፈጣኑ አለ፣ ዘገምተኛው አለ፤ ቋንቋው ሌላ የሆነ፣ ሃይማኖቱ ሌላ የሆነ፣ ሳይበላ የመጣ፣ አባቱ ከመምህሩ ጋር በወሰን የተጣላ አለ። ከእነዚህ መካከል ፊቱ ደስ የሚለውን መርጦ የሚያስተምር መምህር ከሕግ ዐዋቂው ጥያቄ አላለፈም።

ሁለተኛው ትምህርት ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ እርሱም የሌላውን ፍቅር መቀበል ነው። ብዙ ክርስቲያን መስጠትን ያውቃል፤ መቀበል ግን ያሳፍረዋል። የሚሰጥ ሰው ከላይ ይቆማል፤ የሚቀበል ሰው ከታች ይቆማል። ከታች መቆምን ያልተማረ ግን የሚሰጠው ሁሉ ትዕቢት ያለበት ነው።

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የኢትዮጵያ ሕዝብ ይህን ትምህርት በመራራ መንገድ ተማረ። የማይጨው ጦርነት ከተፈታ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በማግሥቱ ጅቡቲ ደረሱ፤ ሚያዝያ 26 ቀንም ኢንተርፕራይዝ በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ኢየሩሳሌም መንገድ ጀመሩ። መሄዳቸው ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ያን ጊዜም ነበረ፣ ዛሬም አለ፤ የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን እርሱ አይደለም። ጉዳዩ በዚያው ሐዲድ ላይ ስለ ሄዱት ብዙ ስም የለሽ ሰዎች ነው። መርከብ የሚጠብቃቸው አልነበሩም። አንዳንዶቹ በባቡር፣ አንዳንዶቹ በእግራቸው ድንበር ተሻግረው በጅቡቲ፣ በእንግሊዝ ሶማሊላንድ፣ በኬንያና በሱዳን ስደተኞች ሆኑ። ትናንት በአገሩ ጌታ የነበረ ሰው በባዕድ አገር ጥላ ለመነ፤ ትናንት እንግዳ ተቀባይ የነበረች ወይዘሮ ውኃ ለመነች።

የዚህን ነገር ጥልቀት ለመረዳት ወደ ጥንት መመለስ ይገባል። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በመካ ስደት ሲበዛባቸው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ አክሱም መንግሥት መጡ። ክርስቲያኑ ንጉሥ፣ በእስልምና ታሪክ ነጃሺ የሚባለው፣ አሳዳጆቻቸው እንዲመልሳቸው ቢጠይቁትም አሳልፎ አልሰጣቸውም። የትግራዩ ነጋሽ እስከ ዛሬ የዚህ መታሰቢያ ነው። ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ በኩራት ያስተምራሉ፤ ማስተማራቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ከ1,300 ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች በተራቸው ስደተኞች ሆነው በእስላም አገር ጥላ ሥር መቀመጣቸው ነው። ሰጪው ተቀባይ ሆነ። እንግዳ ተቀባይነቱን ብቻ የሚያስተምር መምህር ልጆቹን ኩራት ያስተምራቸዋል፤ እንግድነቱንም ጨምሮ የሚያስተምር ግን ፍቅርን ያስተምራቸዋል። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚለው የአባቶች ምሳሌም ማን ሐኪም፣ ማን በሽተኛ እንደሚሆን አስቀድሞ አይወስንም።

ሦስተኛው ትምህርት ጠላትን መውደድ ነው። እዚህ ላይ ቃል ማብዛት አይገባም፤ ምክንያቱም ይህን በአፍ መናገር ቀላል፣ በልብ መፈጸም ግን ከሁሉ የከበደ ነው። በአምስቱ የወረራ ዓመታት የሆነውን መምህራን ሁሉ ያውቃሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በአደባባይ ተረሸኑ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በሦስት ቀን ውስጥ በመዲናይቱ ሕዝብ ላይ እልቂት ወረደ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ። እንዲህ ያለ ቍስል የደረሰበት ሕዝብ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መዲናቸው ሲመለሱ፣ ከአንደበታቸው የሰማው ቃል ክፉን በክፉ እንዳይመልስና ጠላት እንዳደረገው ጭካኔ እንዳያደርግ የሚያስጠነቅቅ ነበር። በዚያ ጊዜ በአገሪቱ ውስጥ ብዙ ሺህ ጣሊያናውያን ነበሩ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩባቸው። የሚበዙት በ1942ና በ1943 እ.ኤ.አ. በመርከብ ወደ አገራቸው ተወሰዱ። ከቀሩትም ብዙዎቹ በኢትዮጵያ ከተሞች ጋራዥ ከፍተው፣ ሕንፃ ሠርተው፣ ከወጉት ሕዝብ ጋር ጎረቤት ሆነው ኖሩ።

ሆኖም አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በዐዋጅ የሚከለከለው በቀል ነው፤ ይቅርታ ግን በዐዋጅ አይመጣም። ባሏ በየካቲት የተገደለባት ሴት የንጉሠ ነገሥቱን ቃል ሰምታ እጇን ልትሰበስብ ትችላለች፤ ልቧን ግን በየማለዳው ራሷ መሥራት አለባት። ይቅር ማለት መርሳትም አይደለም። የካቲት 12 በየዓመቱ መታሰቡ ከፍቅር ጋር አይጣላም። ሙታኑን ማክበርና ገዳዩን አለመምሰል አብረው ይሄዳሉ። ፍትሕን መጠየቅም ጥላቻ አይደለም፤ ጥላቻ የሚጀምረው የገዳዩ ኃጢአት ባልገደለው ልጁ ላይ ሲጻፍ ነው። የታሪክ መምህር ይህን ልዩነት በክፍሉ ካላስረዳ፣ የታሪክ ትምህርት የቂም ጎተራ ይሆናል።

ይህ ነገር የጥንት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ንግግሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገው ጦርነት፣ ምንም እንኳ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢፈረምበት፣ ወንድም በወንድም ላይ የተነሣበት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያትም ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተዋል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ አባቱ በአንደኛው ወገን የሞተበትና አጎቱ በሌላው ወገን የተዋጋ ልጅ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። የውጭ ጠላትን ይቅር ማለት ከባድ ነው፤ የጎረቤትን ወንበዴነት ይቅር ማለት ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ጣሊያን በመርከብ ሄዷል፣ ጎረቤት ግን ነገም ከምንጩ ላይ ይገናኛል። በእነዚያ ሁለት ልጆች መካከል የቆመው መምህር ምን ይላል? የሚለው ሁሉ ከሚያደርገው ያነሰ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን ካየ፣ የሁለቱንም ሐዘን ከሰማ፣ ስም ጠርቶ መስደብን በክፍሉ ከከለከለ፣ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ትምህርት አስተምሯል።

አራተኛውና የመጨረሻው ትምህርት የጎደለውን መፈለግ ነው። የጅቡቲ አሮጌው ጣቢያ ዛሬ የቀድሞ ፉጨቱ አይሰማበትም። አሮጌው ባቡር ዓመት ከዓመት እየደከመ ሄዶ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ሥራውን አቆመ። በእርሱ ፈንታ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮም መደበኛ ሥራውን ያካሂዳል። የጅቡቲ ጣቢያውም ከመሐል ከተማ ወጣ ብሎ ናጋድ በተባለው ስፍራ ነው። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ሁሉ በባቡር የሚሄድ አይደለም። ብዙ ወጣቶች፣ ከእነርሱም መካከል ገና ለአካለ መጠን ያልደረሱ፣ በእግራቸው በረሃውን ያቋርጣሉ። ከባሕር ወለል በታች 150 ሜትር ያህል ዝቅ ባለው በአሳል ሐይቅ አጠገብ አልፈው፣ በታጁራ በኩል ወደ ኦቦክ ይደርሳሉ፤ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመሻገር ይነሣሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. በአፕሪል ወር ብቻ በሁለት ሳምንት ልዩነት በጅቡቲ ጠረፍ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው በአሥሮች የሚቈጠሩ ስደተኞች ሞተዋል።

በዚያው በኦቦክ አጠገብ ማርካዚ የሚባል የስደተኞች መጠለያ አለ። የተቋቋመው በ2015 እ.ኤ.አ. ከየመን ጦርነት ሸሽተው ባሕሩን ለተሻገሩ የመናውያን ነው። እንግዲህ በአንድ ጠረፍ ላይ ከየመን የሚሸሽና ወደ የመን የሚሸሽ ይገናኛሉ። ይህን ያየ ሰው የዓለምን ሥርዐት ብቻ ሳይሆን የራሱንም ልብ ይመረምራል።

መምህር ግን በዚህ ወሬ ፊት እንደ ማንኛውም ሰው አዝኖ ብቻ ሊያልፍ አይገባውም፤ ምክንያቱም ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ ትናንት ተማሪዎች ነበሩ። ስማቸው በአንድ ክፍል መዝገብ ተጽፎ ነበር። አንድ ማለዳ ተጠሩ፤ «አቤት» የሚል ጠፋ። መምህሩም በስማቸው ፊት ምልክት አደረገ። በማግሥቱም አደረገ። በሦስተኛው ሳምንት በቀይ እስክሪብቶ ሠረዘው፤ ትምህርቱም ቀጠለ። በመዝገብ አያያዝ ደንብ መምህሩ ጥፋት የለበትም። መቶ በግ ስለ ነበረው እረኛ የተነገረውን ምሳሌ ለሚያውቅ ክርስቲያን መምህር ግን ያ ቀይ መሥመር ጥያቄ ነው። እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን ሊፈልግ የሄደው መቶኛው ከሌሎቹ ስለ በለጠ አይደለም፤ የጠፋው እርሱ ስለ ነበረ ነው። ልጁ በቀረ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቱ ብቅ ብሎ እናቱን የጠየቀ መምህር፣ ምናልባት ደላላው ሳይደርስበት ይደርሳል። ይህ በደመወዝ ውስጥ የተቈጠረ ሥራ አይደለም። የብስለት መለኪያውም በደመወዝ ካልተቈጠረው ሥራ ይጀምራል።

እንግዲህ እነዚህ አራት ትምህርቶች በማሠልጠኛ ትምህርት ቤት እንዴት ይለመዱ? ዕጩ መምህር የማስተማር ልምምድ ሲያደርግ፣ ተመልካቹ የጥቁር ሰሌዳ አጻጻፉን፣ የጥያቄ አቀራረቡን፣ የጊዜ አጠቃቀሙን ይመረምራል። ከእነዚህ ጋር አራት ጥያቄዎች ቢጨመሩ መልካም ነው። አንደኛ፣ ዕጩው የልጆቹን ስም በስንት ቀን ዐወቀ? ስም የሌለውን ሰው መውደድ አይቻልምና። ሁለተኛ፣ ከልጆቹ አንድ ነገር ተምሮ «አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ» ብሏልን? ሦስተኛ፣ ያስቈጣውን ልጅ ከቀጣ በኋላ በማግሥቱ እንዴት አድርጎ ተቀበለው? አራተኛ፣ የቀረውን ልጅ ጠየቀን? እነዚህ ጥያቄዎች ገንዘብ አይጠይቁም፤ አዲስ ሕንፃም አያስፈልጋቸውም።

«ፍቅር ከበዛ ሥርዐት ይላላል» የሚሉ አሮጌ መምህራን ይኖራሉ፤ ሥጋታቸውም በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ፍቅርና ልል መሆን አንድ አይደሉም። ልጁን የሚወድ አባት እሳት ዳር ሲሄድ ዝም አይለውም። ፍቅር ተግሣጽን አያስቀርም፤ ቂምን ያስቀራል። ፍቅር ያለው መምህር ዛሬ ይቈጣል፣ ነገ አያስታውስም፤ ፍቅር የሌለው ግን ዛሬ ዝም ብሎ በሰኔ በፈተና ወረቀት ላይ ይበቀላል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይገኝም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለ፣ ሐዲዱም ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ከሠራተኞቹ አብዛኛዎቹ የሠሩት ከመንገዱ አንዱን ክፍል ብቻ ነው። መምህርም እንዲሁ ነው። ልጁን ወደ ሙሉ ሰውነት ራሱ አያደርሰውም፤ በዓመቱ የደረሰውን ጥቂት ክንድ ሐዲድ ያነጥፋል፤ የቀረውን ሌላው ይቀጥላል። ያነጠፈው ግን ጠማማ ከሆነ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ባቡር ይገለበጣል።

አንድ መንገደኛ በጅቡቲ ጣቢያ ሲወርድ ጋቢውን አውልቆ እንደ ያዘ፣ የኢትዮጵያም መምህር በክፍሉ በር ላይ ሲደርስ የወገኑን ኩራትና የትናንቱን ቂም አውልቆ ይግባ። ውስጥ የሚጠብቁት ልጆች እርሱ አልመረጣቸውም፤ እነርሱም አልመረጡትም። እግዚአብሔር ግን በአንድ ፉርጎ አስቀምጧቸዋል፤ መንገዱም ረጅም ነው።

አምላክ የመምህራንን ድካም ይባርክ፤ በየመዝገቡ ስማቸው የተሠረዘውንም ልጆች ወደየቤታቸው ይመልስ።